ቁርጭምጭሚቴና የጋሽ ይማም ስም

የሰው ልጅ ውለታ ቢስ ነው። የሚወዳትን ሴት ሊያሞግስ ሲነሳ ከፀጉሯ ጀምሮ ዓይኗን፣ ጥርሷን፣ አንገቷን እያለ ይወርድ ይወርድና ባቷ ላይ ትንሽ አረፍ ብሎ፣ ከዚያ ዘሎ "ተረከዘ ሎሚ" ሲል ይጨርሳል። ከባትና ከተረከዝ መሃል ያለችውን የሚያነሳት የለም። እስቲ "ቁርጭምጭሚትሽ ገደለኝ" ብሎ ያዜመ አዝማሪ የምታውቁ ከሆነ ንገሩኝ! እኔ አላውቅም። ሙሉ ሰው ተሸክማ ስትዞር ውላ የምትገባው፣ ስሟ ከቁመቷ የሚረዝመው ቁርጭምጭሚት የምትታወሰው ወለም ያለች ዕለት ብቻ ነው። ያን ዕለት ግን ከልብም ከዓይንም በላይ ትሆናለች።

ደግሞ ተረቱ አለ። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" እንላለን። የእግሩስ? የእግሩማ ይታሻል፣ ምን ጥያቄ አለው! እኔም እስከ ሃያ ሰባት ዓመቴ ድረስ እንደዚያው አምን ነበር። ተረቱ ስለ አፍ የተናገረው ልክ መሆኑን የደርግ ዘመን በሚገባ አስተምሮናል፤ አፉ ወለም ብሎበት የት እንደገባ ያልታወቀ ስንት ሰው ነበር። ስለ እግር ያለንን እምነት ግን ያረመችልኝ የገዛ ቁርጭምጭሚቴ ናት። ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ወሎ ሰፈር፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ከቀበሌ በተሰጠችኝ አንዲት ክፍል እኖር ነበር። ወደ ግቢው ከገባሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። ሥራዬ ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ሲሆን፣ ትዕግሥት የምትባል ልጅ ላገባ ቀን ተቆርጧል። ቀኑም የቅበላ እሁድ ነበር። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። እሷ እሁድ ካመለጠች ያለው ከፋሲካ በኋላ ነው እንዳልል፣ መሥሪያ ቤቴ ከፋሲካ በፊት ጎሬ ሊመድበኝ ደብዳቤዬ ተፈርሟል። የትዕግሥት አባት አቶ ሐጎስ ደግሞ የትግራይ ሰው ናቸው፣ ቃላቸው አንድ ነው። "ሳያገባት አገር ለቆ ለሄደ ሰው ልጄን አላስቀምጥም" ብለውኛል። ስለዚህ ወይ በዚያች እሁድ አማቼ ፊት ተንበርክኬ ጉልበት እስማለሁ፣ ወይ ጎሬ ብቻዬን እወርዳለሁ።

ለሠርጉ የሚሆን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በደብዳቤ ተፈቀደልኝ። ደብዳቤ ግን ተራ አያስይዝም። ተራ የሚይዘው ድንጋይ ነው። ልጆች ላልሆናችሁ ማስረዳት አያሻኝም፤ ለልጆቹ ግን ልንገር። ሰዓት እላፊ ስላለ ሰው ሱቁ በር ላይ ማደር አይችልም፤ ስለዚህ ማታ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ድንጋዩን በሰልፉ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋይ ሰዓት እላፊ የለበትም። ጠዋት ሰዓቱ ሲለቀቅ ሁሉም በየበሩ ብቅ ይልና ወደየድንጋዩ ይሮጣል። እኔም ሮጥኩ። ማንን እንደከሰስኩ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ያደናቀፈኝ የራሴ ድንጋይ ነው። የግራ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈችና አንዳች ነገር ቷ ሲል ሰማሁ። ዓይኔ በራ። ሰልፉን ግን አልለቀቅኩም፤ በአንድ እግሬ ሁለት ሰዓት ቆሜ ስኳሬን ይዤ ገባሁ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። "አጥንትህ ደህና ነው" ተባልኩ። እሰይ! እኛ ዘንድ አጥንት ደህና ከሆነ ሌላው ምን ይሆናል? ደስ ብሎኝ በማግስቱ በእግሬ ወደ ኦሎምፒያ አዘገምኩ። ሜዳ ላይ፣ ጠጠር እንኳን በሌለበት፣ ያችው እግር ድጋሚ ታጠፈችና አስፋልቱ ላይ ዘረጋችኝ። በሰው ትከሻ ወደ ቤት ስመለስ ቁርጭምጭሚቴ ዳቦ አክላ፣ በስተውጭ በኩል እስከ ጣቶቼ ድረስ በልዛለች። ሠርጌ ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። የሰፈራችን ጥየቃ እንዴት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ብርቱካን ይዞ የመጣም፣ ባዶ እጁን የመጣም "እስቲ ልያት" ብሎ አንድ ጊዜ ሳይጫናት አይሄድም። "እዚህ ጋ ነው?" ይላል። እጮሃለሁ። "አዎ፣ እዚህ ጋ ነው" ይላል፣ ደስ ብሎት። ሁሉም ይወዱኛል፤ ፍቅራቸው ነው ያሳበጠኝ። ከሁሉም የባሰችው የጎን ጎረቤቴ እትዬ ደስታ ነበረች፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ ሳነጥስ "ይማርህ" የምትለኝ ከአልጋዋ ላይ ሆና ነው። ቅቤ በማይገኝበት ዘመን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በብርጭቆ ቅቤ ይዛ መጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና፣ "ጋሽ ይማምን ጥራ። ሌላ ሰው እንዳትሰማ" ብላኝ ወጣች።

ጋሽ ይማም የሰፈሩ ወጌሻ ናቸው። ከወሎ ከመጡ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ጋራዦች ጀምሮ እስከ ቦሌ ጫፍ ድረስ እሳቸው ያላሹት እግር የለም ይባላል። የወጌሻ ዝና ደግሞ የሚለካው በበሽተኛው ጩኸት ነው። ያላስጮኸ ወጌሻ ምኑን አሸው? ሕዝቡ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ ጩኸቱ ደህና ከሆነ "አገኟት!" ይላል፤ ዝም ካለ "እጃቸው ደክሟል" ይላል። የጋሽ ይማም ስም የተሠራው በሠላሳ ዓመት ዋይታ ነው።

ልጃቸው ዘሃራ ግን ሐኪም ናት። ሶቪየት ኅብረት ተምራ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ "ዶክተሯ" እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ቤት ውስጥ እንኳን "ዶክተሯ፣ እስቲ ውሃ" ይላሉ አሉ።

ጋሽ ይማም መጡ። ተከትላቸው ዘሃራ ባልዲ ውሃ ይዛ ገባች። እትዬ ደስታ፣ ጋራዥ የሚሠራው ግርማና ሌሎችም ከበሩ ውጭ ቦታቸውን ያዙ። ጋሽ ይማም በሩን ዘጉ፣ መስኮቱንም ዘጉ፣ ነጠላቸውን የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ሰቀሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ እግሬን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ወደ ግድግዳው ሄደው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እግሬን የያዘችው ዘሃራ ናት። በአንድ እጇ ቅልጥሜን፣ በሌላው ተረከዜን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ፊት ሳብ አደረገችው።

"የፊተኛው የለም። ሁለተኛውም ተጎድቷል" አለች።

"ምኑ ነው የሌለው?" አልኩ ደንግጬ።

"ድንኳን ሲተከል አይተሃል? አጥንት ምሰሶ ነው በለው። ምሰሶ ብቻውን አይቆምም፣ ገመድ ይፈልጋል። የእግርህ ገመድ ጅማት ነው። በውስጥ በኩል ያለው ሰፊ ነው፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፤ እሱ በቀላሉ አይበጠስም። በውጭ በኩል ያሉት ግን ሦስት ቀጫጭኖች ናቸው። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ታች ወደ ተረከዝ፣ አንዱ ወደ ኋላ ተወጥረዋል። እግር ወደ ውስጥ ስትታጠፍ ቀድሞ የሚሄደው የፊተኛው ነው፤ ከጠነከረ ሁለተኛው ይከተላል። የኋለኛው ጎበዝ ነው፤ ተራው ሳይደርስ ሰውየው ይወድቃል።"

"ራጁ ደህና ነው ብሎ የለም እንዴ?"

"ራጅ ምሰሶ ነው የሚያየው፣ ገመድ አያይም።"

"ታዲያ ይታሻ!"

ይህን ስል ዘሃራ ወደ አባቷ ዞረች። የመለሱልኝ ጋሽ ይማም ናቸው። "የተበጠሰ ገመድ ሲታሽ ይብሱን ይተረተራል፣ ልጄ" አሉኝ። "እኔም አላምን ብዬ ነበር። ይቺ የትላንት ልጅ 'አባዬ፣ እንዲህ ያበጠ አትንኩ' ስትለኝ ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሰው እያነከሰ ሲያልፍ አየሁ። ከዓመት በፊት ያሸሁት እኔ ነበርኩ። ሰላም አለኝ፣ አመሰገነኝ ደግሞ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።"

ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጠጋ አሉኝ። "ዶክተሯ የምትልህን ታደርጋለህ። እኔ ፋሻውን እጠመጥማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ፤ ይህን ካንተ በቀር ማንም አያውቅም። ስሜን አደራ።" ከዚያ ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቱና ድምፃቸውን ቀነሱ። "በል አሁን ጩህ።"

"ዋይ" አልኩ፣ አፍሬ።

"ይሄ ትንኝ የነካችው ሰው ነው። ስም ያለው ወጌሻ ነው የያዘህ!"

"ወይኔ እናቴን!" ብዬ ጣራውን አነሳሁት። ከውጭ የእትዬ ደስታ ድምፅ "አገኟት!" ሲል ተሰማኝ። ጋሽ ይማም እፎይ አሉ።

እንዲህ ሆኖ በየቀኑ ዘሃራ ከሥራ ስትመለስ እጮህ ጀመር። እውነተኛው ሕክምና ምንም ድምፅ የለውም። ከቦኖ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መጠቅለል፣ ፋሻ፣ እግርን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ መጋደም፣ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ፣ አለቀ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዘሃራ ዓይኔን ጨፍኜ በግራ እግሬ ብቻ እንድቆም አዘዘችኝ። ለምን ብላት፣ "ጅማት ገመድ ብቻ አይደለም፣ ወሬ ነጋሪም ነው። እግርህ እንዴት እንደተቀመጠች ለአንጎልህ የሚነግረው እሱ ነው። ሲበጠስ ወሬው ይቋረጣል፤ እንደገና ካላስለመድከው ዕድሜ ልክህን ሜዳ ላይ ይጥልሃል" አለችኝ። ያኔ ወሬ ነጋሪ ሲባል እንዴት እንደምንደነግጥ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ቁርጭምጭሚቴ ውስጥም አሉ ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ። ጥርሴን እየፋቅሁ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እቆማለሁ።

የእትዬ ደስታን ቅቤ ምን እንዳደረግነው አትጠይቁኝ። እሺ፣ ጠይቁኝ። ሽሮ ላይ ገባ። ሽታው ግድግዳ አልፎ ሄዶ ሊያጋልጠን ነው ብዬ ስፈራ፣ በማግስቱ እትዬ ደስታ "ቅቤው ደህና ነው?" አለችኝና ፈገግ ብላ አለፈች። አንዳንድ ቀንም "ዛሬ ጩኸትህ ደከም ብሏል፣ ምሳ አልበላህም?" ትለኛለች። ለኔ በማሰቧ አመሰግናታለሁ።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ቀን፣ ጋሽ ይማም ፋሻውን እየቀየሩልኝ ነበር። እኔ እንኳን ያን ቀን ያለ ምርኩዝ ግቢውን ዞሬ ስለነበር ደስታው ራሴ ላይ ወጥቶ፣ ጩኸቴን እንደ ዘፋኝ አስረዝሜ ለቀቅሁት። ከዚያ አንድ የማውቀው ወፍራም ድምፅ ተሰማኝ። አቶ ሐጎስ ናቸው! ያልተጠሩ አማች ሊጠይቁኝ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

"እንዲህ የሚጮህ ሰው ነው በሳምንቱ ጉልበት የሚስመው?" አሉ። "እኔ ደህና ነው ተብዬ ነበር። በቃ፣ ሠርጉ ይቅር። እግዜር ካለ ለሌላ ጊዜ፣ ካላለም..." የቀረውን አልጨረሱትም። እኔ ግን ጎሬን፣ ብቻዬን የምተኛባትን ክፍል፣ ትዕግሥትንም ለሌላ ሰው ስትዳር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየሁ።

"ንገራቸው" አለችኝ ዘሃራ በሹክሹክታ። "ተነስና ቁምላቸው!"

በአንዲት ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ይማም የፋሻውን ጫፍ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ትዕግሥትን እንዴት እንደምወዳት እግዜር ያውቃል፤ ግን ሠላሳ ዓመት የተሠራን ስም በአፍ ወለምታ ልሰብር አልቻልኩም። አፌን ዘጋሁት።

ጋሽ ይማም ይህን አዩ። ተነሱና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ግቢው ሙሉ ነው። ከቀበሌ ስብሰባ የተመለሰው ሰው ሁሉ፣ ጓድ ሊቀመንበሩ ጭምር፣ እንደ ልማዱ ለጩኸት ተሰብስቧል።

"አቶ ሐጎስ፣ ልጁ አላመመውም" አሉ ጋሽ ይማም። "ጩህ ያልኩት እኔ ነኝ። ያዳነችው ልጄ ናት፣ ዶክተሯ። እኔ ካሸሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ያስዋሸሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።" ይህን ብለው እንደሚፈረድበት ሰው ቆመው ቀሩ።

ከዚያ እትዬ ደስታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ምነው ጋሽ ይማም! 'ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም' ብለውኝ አልነበር እንዴ?"

"ለኔም እኮ እንደዚያ ነው ያሉኝ!" አለ ግርማ ከጋራዡ። "ጎማ የወደቀብኝ ጊዜ!"

አንዱ "እኔም"፣ ሌላዋ "እኔም" እያሉ ከየጥጉ ተነሱ። ጓድ ሊቀመንበሩ ግራና ቀኝ አይተው ሳል ሳል አሉና፣ "እ... ሐምሌ ላይ፣ ለዘመቻ ስንዘጋጅ፣ እኔም በመጠኑ ጮኼ ነበር" አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ደስታ እንባዋን እየጠረገች፣ "ውይ፣ እሳቸው የጮሁበትንማ ዕለት መቼም አልረሳውም፣ እውነት መስሎኝ ስለት ተስዬላቸዋለሁ" ስትል ሳቁ እንደገና አገረሸ። ጋሽ ይማም ቆባቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉት። ይሳቁ ያልቅሱ አልታወቀም፤ ሁለቱንም ሳያደርጉ አይቀሩም። ዘሃራ ሄዳ እጃቸውን ያዘች።

እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። ወንድም ለወንድሙ የሰማውን የማይነግርበት፣ ግድግዳ ጆሮ ያለው ዘመን ነበር። ያመመው ሰው እንኳን ዝም የሚልበት ዘመን ነበር። ያ ግቢ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ሽማግሌን ምስጢር፣ ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ፣ እርስ በርሱ እንኳን ሳይነጋገር ጠብቆ ኖረ። ሁሉም ብቻውን የጠበቀ መስሎት ነበር። ወደድኳቸው፤ ቁርጭምጭሚቴን ለተጫኗት ሁሉ ይቅር አልኩ።

አቶ ሐጎስ ግን አልሳቁም። "ቁም" አሉኝ። በግራ እግሬ ብቻ ቆምኩ። "ዓይንህን ጨፍን።" ጨፈንኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ወሬ ነጋሪዎቼ ያን ቀን ሳይዋሹ ሠሩ። ከዚያ ሳልታዘዝ ወርጄ ተንበረከክሁና ሁለቱንም ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ። "ተወው፣ አየሁ" አሉ አቶ ሐጎስ። "ለእሁድ ድንኳኑ ይተከል።"

ተተከለ። በዋዜማው ጋሽ ይማም ድንኳኑን እየዞሩ ገመዱን ሁሉ በጣታቸው ሲሞክሩ አይቻለሁ። የፊተኛው ጋ ሲደርሱ ለተካዮቹ "ይሄን አጥብቁት፣ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው" አሉ። በማግስቱ ለእሳቸውና ለቤተሰባቸው ለብቻው በእስላም እጅ ከታረደው በሉ፣ መረቁን። ትዕግሥት አንድ ጊዜ ጠጋ ብላኝ፣ "አንተ ግን እግርህ ስታምህ ዝም ብለህ ሳታምህ የምትጮህ ሰው ነህ፤ እንዴት ነው የምኖርህ?" አለችኝ። እስካሁን እየኖረችኝ ነው።

የቀረችው ይቺ ናት። አቶ ሐጎስ ያን ቀን ከበሮው ሲመታ ሰውን ሁሉ አስለቅቀው እየጨፈሩ ሲዞሩ አመሹ፤ ሰኞ ጠዋት ቁርጭምጭሚታቸው ዳቦ አክላ በሰው ትከሻ ግቢያችን ገቡ። ጾም ገብቷል፣ ቅቤ የሚያመጣ የለም። ምስጢር የሚባል ነገር ስላልቀረ ጋሽ ይማም በሩን አልዘጉም፤ ዘሃራም ፋሻዋን ይዛ በግልጽ ተቀምጣለች። እኛ ሁላችን ደጃፉ ላይ ቆመናል። ዘሃራ እጇን ወደ እግራቸው እንደዘረጋች፣ ያ የማይስቅ ሰውዬ ዓይናቸውን ጨፍነው "ወይኔ እናቴን!" ብለው ግቢውን አናወጡት።

"ኧረ ገና አልነካኋቸውም!" አለች ዘሃራ።

አቶ ሐጎስ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱና ወደ ጋሽ ይማም አዩ።

"አውቃለሁ። ለሳቸው ነው።"